«አይጠገንም በላት»

«ስትጠይቅህ አይጠገንም በላት» አለ ወንድሟ ከኩሽናው መስኮት ሥር ቆሞ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት። ቆራጧ ውስጥ ነበረች። ሌሊቱን ሲንጠባጠብ ባደረው ውሃ የሞላውን ባልዲ ወደ ማጠቢያው እየደፋች ነበርና፣ ውሃው ድምፅ እንዳያሰማ ባልዲውን እንዳጋደለች ቀጥ አለች። ወንድሟ ቀጠለ። ጣራው ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት በላት አለው አናጢውን፤ ሥራው ወራት ይፈጃል፣ እስከዚያ ሰው ሊኖርበት አይችልም በላት አለው። አባባን እሱ ወደ ቤቱ ይወስዳቸዋል፤ እሷ ብቻዋን ናትና የሆነ ቦታ አንድ ክፍል ተከራይታ ትከርማለች። «ከዚያ በኋላ ያለውን ለእኔ ተወው» ብሎ ጨረሰ። አናጢው ጉሮሮውን ጠራረገና መጀመሪያ ወጥቶ ቢያየው እንደሚሻል ተናገረ። ይዞት የመጣው መሰላል ገና ከግድግዳው አልተደገፈም ነበር። ወንድሟ መውጣቱ አያስፈልግም፣ ከዚህም ቢሆን ይታያል አለው።

ቆራጧ የሚሏት የመኪና ወንበር በሚያለብሱበት የሥራ ቦታዋ ነው። ቆዳና ጨርቅ ስትቆርጥ መቀሷን አንዴ ካስገባች እስከ ጫፍ ሳታቆም ትሄዳለች፤ ጠባይዋም እንደ መቀሷ ነውና ስሙ በሁለት በኩል ተስማማት። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ባልዲውን ወርውራ ወጥታ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ልክ ልኩን ትነግረው ነበር። ዛሬ ግን ቁጣው ደረቷ ድረስ መጣና እዚያው ቀዘቀዘ። ባለፈው ሳምንት የተነሳው ነፋስ በአባቷ መኝታ ክፍል ላይ ያለውን ቆርቆሮ ገንጥሎ ጎረቤት ግቢ ከጣለው ወዲህ፣ ለዓመት በዓል እንኳ በስልክ የሚገላግላት ታላቅ ወንድሟ በየሁለት ቀኑ ይመላለስ ጀምሯል። አባቱ አሳዝነውት ነው ብላ ለሥራ ባልደረቦቿ አውርታለት ነበር። ያ ወሬ አሁን ትዝ ሲላት ፊቷ ጋለ። ባልዲውን አስቀመጠች፣ እጇን አደረቀች፣ ሻይ ቀድታ በትሪ ይዛ ወጣች።

ወንድሟ ፈገግ ብሎ ተቀበላት፤ መሰንበቻውን ከስታለች፣ ሥራ አብዝታለች አላት። አናጢው ጎልማሳ ነው፤ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ሻዩን ብቻ ያያል። ቆራጧ ጣራው እንዴት እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ከሻዩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «አይጠገንም እትዬ» አላት።

«ወጥተህ አየኸው?»

አናጢው ወንድሟን አየ። ወንድሟ ሰዓቱን አየ። እሷም አልገፋችበትም። እናስብበታለን ብላ የአናጢውን ስልክ ቁጥር ተቀበለች፤ ወንድሟም ማታ መጥቶ ነገሩን እንደሚጨርሱ፣ አባባን ለማጓጓዝ የመሥሪያ ቤቱን መኪና መጠየቅ እንደሚችል ነግሯት፣ ነገር የተሳካለት ሰው አረማመድ እየተራመደ ወጣ።

አባቷ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ነበር። አልጋው ከመስኮቱ ሥር ተነስቶ ወደ ማዕዘኑ ተገፍቷል፤ ከላዩ ላይ ከኮርኒሱ ወደ ግድግዳው የተወጠረ ላስቲክ ውሃውን ወደ አንድ ጎን ያንሸራትታል። ቤቱ ሦስት ክፍል ነው፤ የእሳቸው፣ የእሷና መሃል ያለው ሳሎን፤ ኩሽናው ከኋላ ተለጥፏል። አውቶቡስ ይነዱ በነበረ ጊዜ ከእናቷ ጋር ሆነው ራሳቸው ያሠሩት ነው፤ ወለሉ ሳይደርቅ ገብተን አደርንበት እያሉ ድሮ ሲስቁበት ትሰማ ነበር። ቁርሳቸውን ዳቦና እንቁላል አቀረበችላቸው። አናጢው ምን አለ ብለው ጠየቋት። ሙሉ በሙሉ ይነሳ እንዳለ ነገረቻቸው፤ የሰማችውን ግን ዋጠችው። ማኘካቸውን አቆሙ። ሁለት ሦስት ቆርቆሮ ቢለወጥ ይበቃዋል፣ ቤቱ ጠንካራ ቤት ነው አሉ። የተናገሩት እንደ ባለቤት አልነበረም፤ ፈቃድ እንደሚለምን ሰው ነበር፣ እሷንም ያንሰፈሰፋት ይኸው ነው። «እናስጠግነዋለን አባባ» አለቻቸው። «ማንም አያነሳውም።» ለሥራ ስትወጣ ነገሩ በእሷ በኩል አልቆ ነበር።

የሥራ ቦታዋ ጋራዦች በተደረደሩበት መንገድ ዳር ያለ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ አዳራሽ ነው። በአንድ ወገን የተነቀሉ ወንበሮች ስፖንጃቸውን አውጥተው ይደረደራሉ፤ በሌላው ወገን የጭነት መኪና ሸራ ይሰፋል። ባለቤቱን ሰው ሁሉ ሻምበል ይላቸዋል፤ የወታደር ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፣ ሲቆሙ ደረታቸውን ስለሚነፉ ብቻ ነው። ቆራጧ ላለፉት ዓመታት የነገረቻቸውን ያህል ለወንድሟ አልነገረችም። የአንድ ታክሲ ወንበር ልብስ እየገጣጠመች ጠዋት የሰማችውን አወራቻቸው። ሻምበል መርፌውን ጥርሳቸው ውስጥ ይዘው አዳመጡና ምክራቸው አጭር ሆነ፤ ወንድሟ የሚፈልገውን አውቃ ተቃራኒውን ብታደርግ አትሳሳትም። ሳቀች። ክሩን በጥሳ ሌላውን ጎን ስታዞር ግን ነገሩ ቆረቆራት። ጠዋት ለአባቷ ለማስጠገን ቃል ስትገባ ስለ ጣራው እያሰበች ነበር ወይስ ስለ ወንድሟ? ለሁለተኛ የስፌት ማሽን ብላ ስታጠራቅም የቆየችው ገንዘብ አለ፤ ጥገና ከሆነ ትንሹን ብቻ ይነካዋል፣ ቅያሪ ከሆነ ሙልጭ ያደርገዋል። ይህም በልቧ ውስጥ ለጥገናው ሲሟገትለት እንደነበር አወቀች።

በምሳ ሰዓት ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሄደች። ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር ቆሞ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል፤ ስሱ፣ መካከለኛው፣ ወፍራሙ፣ ባለቀለሙ። ዋጋውን ስትጠይቅ ባለሱቋ የነገረቻት ከገመተችው በላይ ነበር። ሴትዮዋ ምክንያቱን ሳትጠየቅ ታስረዳለች፤ ነፋሱ የከተማውን ግማሽ ጣራ ነክቶታል፣ ሰው ሁሉ ቆርቆሮ ፈላጊ ሆኗል፣ በሚቀጥለው ሳምንትማ አይቀመስም። ቆራጧ ስሱን ቆርቆሮ በጣቷ ስትነካው እንደ ወረቀት ተርገበገበ። ባለሱቋ ለጥገና ነው ለቅያሪ ብላ ጠየቀቻት። ለጥገና አለቻት። እንጨቱስ እንዴት ነው አለች ሴትዮዋ፤ እንጨቱ ካልያዘ ወፍራሙንም ብትመቺበት ነፋስ ይወስደዋል፣ ገንዘብሽን ነው የምታቃጥይው። ቆራጧ እጇን ከቆርቆሮው አነሳች። አናጢውን ወጥተህ አየኸው ብላ ስትጠይቅ ጀግና ሆና ነበር፤ እሷም ግን አላየችውም። ሳያይ ይነሳ በሚለው ሰው ላይ ሳታይ ይጠገን ብላ ተነስታ ነበር። ባለሱቋን አመስግና ወጣች፤ እግረ መንገዷን ለአናጢው ደወለች።

ከሰዓት በኋላ አናጢው መሰላሉን ተሸክሞ የቤታቸው በር ላይ ሲደርስ እየጠበቀችው ነበር። ሰላምታውን ተቀብላ፣ ስለ ጠዋቱ ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት፣ «የኩሽናው መስኮት ክፍት ነበር» አለችው። ሰውየው መሰላሉን ከትከሻው አወረደ። ከዚያ ሥራ ከጠፋ ሰንብቶ እንደነበር፣ ወንድሟም ሥራውን እንደሚሰጠው ቃል እንደገባለት፣ ቢሆንም እንዳፈረ ተናገረ። እሷም ነገሩን አላስረዘመችበትም። አብረው ወጥተው ያያሉ፤ ያየውን ያለ ምንም ጭማሪ ይነግራታል፤ ይጠገን ይቀየር፣ ሥራው የእሱ ነው። ከዋሻት ግን ጋራዥ ሰፈር ውስጥ መዶሻ ይዞ የሚያልፍበት መንገድ አይኖርም። አናጢው ይኼኛው ውል ከጠዋቱ ይሻላል ብሎ ፈገግ አለ።

ሳሎኑ ላይ ካለው የኮርኒስ መክፈቻ ገቡ፤ እሱ ፊት፣ እሷ በሥራ ሱሪዋ ከኋላ። ውስጡ እንደ ምድጃ ይሞቃል፤ የአሮጌ እንጨትና የአቧራ ሽታ ያፍናል። ተንበርክከው ከአንዱ እንጨት ወደ ሌላው ተሻገሩ። ከሥር ሲያዩት ቆርቆሮውን የተሸከሙት ወራጆች ደህና ይመስላሉ፤ ወፍራም ናቸው፣ ቀጥ ብለዋል፣ አባቷ የቀቧቸው ቡናማ ቀለም እንኳ አልለቀቀም። አናጢው ጠመንጃ መፍቻውን አወጣና የመጀመሪያውን ጫን አደረገው። መፍቻው ያለ ምንም ድምፅ እስከ እጀታው ገባ። ሁለተኛውን ወጋው፤ ገባ። በጣቱ ሲያንኳኳው የባዶ ካርቶን ድምፅ ሰጠ። መፍቻውን ነቅሎ ሲያወጣው ከቀዳዳው ደቃቅ ዱቄት ተንዠቀዠቀ፤ ምስጥ ውስጡን በልቶ ቀለሙን ብቻ አቁሞታል። በአባቷ ክፍል በኩል ያለው አንዱም አልተረፈም። በእሷ በኩል ገሚሱ ደህና ነው፤ እሱም ዕድሜ የለውም። ነፋሱ ቆርቆሮውን የወሰደው ሚስማሩ የሚይዘው እንጨት አጥቶ ስለነበር ነው። አናጢው ላቡን በክንዱ እየጠረገ ወደ እሷ ዞረ።

«እትዬ፣ ሳላየው የዋሸሁት እውነት ሆኖ አረፈው።»

ቆራጧ እዚያው በጨለማው ውስጥ ሳቅ ያዛት፤ አናጢውም አብሯት ሳቀ። ከሥራቸው፣ ከአንድ ስስ ኮርኒስ በታች፣ የአባቷ አልጋ ነው። ወንድሟን ማሸነፍ ቀላል ነበር፤ አራት ቆርቆሮ ገዝቶ ማስመታት፣ ማታ ሲመጣ ይኸው ተጠገነ ማለት። ከዚያ በሚቀጥለው ነፋስ ያ ሁሉ እንጨት የተኛ ሽማግሌ ላይ ይወርዳል። ይነሳ ካለች ደግሞ የወንድሟን ቃል በራሷ አፍ እየተናገረች ነው። ብዙ አልቆየችም፤ መቀስ ከገባ በኋላ ማመንታት ጨርቁን ያበላሻል። ጣራው ይነሳል፤ ቤቱን ግን ማንም አይለቅም። ሁለቱን ነገሮች ያጣበቃቸው ወንድሟ ነው፤ እንዴት እንደሚነጠሉ ማወቅ የእሷ ፋንታ ነው።

ሲወርዱ አባቷ ሳሎኑ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ፀጉሯ ላይ የተነሰነሰውን ዱቄት አዩና ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ ገባት። በየጠዋቱ እሷ ከመግባቷ በፊት ብርድ ልብሳቸውን በመስኮት ሲያራግፉ፣ ወለሉን ራሳቸው ሲጠርጉ፣ የሽማግሌ ንጽሕና ነው ብላ ትተወው ነበር። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸው አጠገብ ተቀመጠች። አናጢው ሜትሩን ይዞ ወደ ደጅ ወጣላቸው።

«ያውቁ ነበር?»

«እናትሽ ከሞተች ወዲህ ዱቄቱ ይዘንባል» አሉ። «መጀመሪያ ትንሽ ነበር። ዝም አልኩ። የተነሳ ጣራ ተመልሶ የሚቀመጥ አልመሰለኝም ልጄ። ወንድምሽ ወደዚያ፣ አንቺ ወደዚህ፣ እኔ ደግሞ ሰው ቤት ሳሎን ውስጥ። ሲወድቅ በእኔ ላይ ቢወድቅ ይሻላል አልኩ።»

ልትቆጣቸው ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም። እጃቸውን ይዛ ቆየች። የሹፌር እጅ ነው፤ መሪ የለመደው መዳፍ አሁንም ሰፊ ነው። ጣራው እንደሚነሳ ነገረቻቸው፣ እጃቸው በእጇ ውስጥ ሲደነግጥ ግን ሳትለቅ ቀጠለች። በግማሽ በግማሽ ይሠራል። መጀመሪያ የእሳቸው ወገን ይነሳና እሳቸው እሷ ክፍል ይተኛሉ፤ ያ ሲያልቅ አዲሱ ጣራ ሥር ይመለሱና የእሷ ወገን ይነሳል። ክፍት በሆነው ላይ የጭነት መኪና ሸራ ይወጠራል፤ ሸራ ደግሞ የት እንደሚሰፋ ታውቃለች። አባቷ ዝናቡ ከጠነከረስ አሉ። ሸራው የእህል ጭነት ከከተማ ከተማ ያደርሳል፣ አንድ አልጋ አያቅተውም አለቻቸው።

ከአናጢው ጋር ግን ትንሽ ተከራከሩ። ባዶ ቤት ላይ መሥራት ይቀላል፣ ሰው ካለ በየቀኑ መጥረግ፣ በየቀኑ መሸፈን አለ አለ፤ መሃል ላይ ያለውን መጋጠሚያ ሁለት ጊዜ መፍታት ሊኖር ነው። እሷ ፍታው አለችው። ለተጨማሪው ድካም ይከፈለዋል፤ ጥርጊያውን እሷ ትጠርጋለች። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ወርዶ፣ ከሰኞ ጀምሮ ከሆነ ይቻላል አለ። ወፍራሙ ቆርቆሮ እንዲሆን፣ እንጨቱም የምስጥ መድኃኒት እንዲጠጣ ተስማሙ። ለሻምበል ደውላ ሸራ በውሰት ስትጠይቃቸው፣ አስጠገንሽ ወይ አሉ ጓጉተው። ልታስቀይረው እንደሆነ ስትነግራቸው፣ ወንድምሽ አሸነፈሽ ማለት ነው አሉ። ያ ማታ ወንድሟ ሲመጣ እንደሚለይ ነገረቻቸው። የማሽኑ ነገር ያን ጊዜ ትዝ አላት፤ ሻጩ ያሳያት ያ አዲስ ማሽን፣ መብራቱ፣ ዝምታው። በአሮጌው ገና ብዙ ዓመት እሰፋለሁ ብላ ለራሷ ነገረችና ወደ ውስጥ ገባች።

ወንድሟ የመጣው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ፣ ለአባቱ የብርድ ልብስ ስጦታ ይዞ፣ ልጆቹ አያታቸው ሊመጡ ነው ብለው እንደተደሰቱ አወራ። ቆራጧ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ልክ እንደነበረ ነገረችው፤ ጣራው አይጠገንም፣ እንጨቱን ምስጥ ጨርሶታል፣ ዓይኗ አይቶ መጥቷል። የተገረመው ወንድሟ ራሱ ነበር። ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። ሰኞ ሥራው እንደሚጀመር፣ በግማሽ በግማሽ እንደሚሠራ፣ አባባም እሷም ከቤቱ እንደማይወጡ ስትነግረው ፊቱ ተለወጠ። አደጋ ነው አለ፤ ሽማግሌ ሰው በአቧራ፣ በመዶሻ ድምፅ፣ በዝናብ መሃል። እልኸኛ ናት፣ ሁሌም እልኸኛ ነበረች። ድምፁም እየጨመረ ሄደ።

«ለመሆኑ ማን ፈቀደልሽ?»

«እኔ» አሉ አባቷ።

ቃሉን ጮክ አድርገው አልተናገሩትም። ወንድሟ ግን ልጅነቱ ተመልሶ የመጣበት ይመስል ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ቆራጧ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች፣ መልሳም አስቀመጠቻቸው። ጠዋት መስኮቱ ሥር ያለውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስማቷን ነገረችው። አልጮኸችም። ሊያቋርጣት ሲሞክር እጇን አነሳች።

«ቤቱን ከፈለግከው ቤቱን እፈልጋለሁ ብለህ በበር ግባ ጋሼ። በጣራ በኩል አትምጣብን።»

ደጅ መንገደኞች እያወሩ አለፉ። ወንድሟ ሲናገር ወደ ማንም አላየም። የተከራየው ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ልጆቹ አድገዋል፣ ሴቷ ከወንዶቹ ጋር አንድ ክፍል ትተኛለች፤ አከራዩ በየጊዜው ይጨምርበታል። እዚህ ሦስት ክፍል ለሁለት ሰው ነው። ነፋሱ ቆርቆሮውን የወሰደ ቀን፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣ መጀመሪያ ያሰበው ይህን ነው። እሷ ብቻዋን ናት፣ እንደምንም ትኖራለች ብሎ ነበር። ቆራጧን የመጨረሻዋ ቃል ብትወጋትም፣ እውነቱን በመናገሩ ቀለል አላት።

አባታቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ይህን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ጠይቀኝ። እህትህ ባለችበት ጠይቀኝ። ዛሬ ግን አይደለም፤ ዛሬ የምናወራው ስለ ጣራ ነው።»

ወንድሟ መሰላሉን አየው፤ አናጢው ለሰኞ ብሎ ከኮርኒሱ መክፈቻ ሥር እንደተደገፈ ትቶት ሄዷል። ተነሳ። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ መደገፊያ ላይ አንጠለጠለና፣ ባትሪውን ከቆራጧ ተቀብሎ መሰላሉን ወጣ። ወገቡ ድረስ ወደ ላይ ገብቶ ቆመ፤ ከሥር የሚታየው የተወለወለ ጫማውና የተተኮሰ ሱሪው ብቻ ነበር። ባትሪው ወደ አባታቸው ክፍል በኩል ዞረ፣ እዚያም ቆየ። እንጨት ሲነካ፣ ከዚያ ትንሽ ነገር ሲፈረፈር ሰሙ። ሲወርድ ትከሻው ነጭ ሆኖ ነበር። ውሃ ጠየቀ። ቆራጧ አመጣችለት፤ ቆሞ ጠጣና ብርጭቆውን መለሰላት።

«እዚህ ሥር ነው እንዴ ሲተኙ የከረሙት?» አለ። ሰኞ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ እንደሚጠይቅ፣ እንጨቱን ለማውረድ አናጢው ብቻውን እንደማይበቃ ተናገረ። የተናገረው ለአባቱ ይሁን ለእሷ አልለየም። ይቅር አላለችውም ገና፤ ያ ሌላ ቀን ይፈልጋል፣ ምናልባትም ከጣራው የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። ሁለት ተጨማሪ ክንድ ግን ክንድ ነው። ከላይ እስከ ታች አየችውና ዓይኗ እግሩ ላይ አረፈ።

«በዚህ ጫማ አይሆንም» አለችው።

ወንድሟ ቁልቁል ጫማውን አየ። ከዚያ ወደ አባቱ ዞሮ፣ አውቶቡስ ሲጠግኑ ያደርጉት የነበረው አሮጌ ቦት ጫማ እስካሁን ይኖር እንደሆነ ጠየቃቸው።